ቡናው አንቅቶናል፤ ግን ለምን?



ምናልባት ይህንን የምታነቡት ቡና እየጠጣችሁ ይሆናል። እንግዲያው ሲኒውን ለአፍታ አስቀምጡትና ዛሬ ስለ እሱ እናውራ። በየቀኑ ስለምንይዘው ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።

ቡና የበቀለው በሀገራችን ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዓለም የለመደው ግን በማን በኩል እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? በሀብታም ግብዣ ወይም በነጋዴ ማስታወቂያ አይደለም። ሌሊት ለዚክር በሚነሱ ሰዎች በኩል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ የነበሩ ሱፊዮች ቡናን ይጠጡ የነበረው እንቅልፍን አባርሮ ለሌሊት ዒባዳ ስለሚያግዛቸው ነበር።

ከየመን ወደ መካ፣ ከዚያም ወደ ካይሮ ተሻገረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቡና ኪታብ የጻፉት ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በካይሮ የነበሩ የመናውያን እንዴት ይጠጡት እንደነበር መዝግበው አቆይተውልናል። ከቀይ ሸክላ በተሠራ ትልቅ ዕቃ ይቀርባል። መሪያቸው በትንሽ መቅጃ እየቀዳ ወደ ቀኝ ያዞራል። ምላሳቸው ደግሞ በላ ኢላሀ ኢለላህ ተጠምዷል። ይህን የሚያደርጉት መቼ ነበር? በሰኞ ሌሊትና በጁሙዓ ሌሊት። የጁሙዓ ሌሊት ማለት እኮ ትናንት ማታ ያለፈችው ናት! እኛስ ትናንት ማታ በምን አሳለፍናት?

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። በ1511 እ.ኤ.አ. በመካ የመምሉኮች ሹም የነበረው ኻኢር በይ፣ ሰዎች ሌሊት በሐረም አቅራቢያ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አየ። ነገሩ አላማረውም። ዑለማዎችን ሰብስቦ አከራከረና ቡናን ከለከለ። ጉዳዩ ካይሮ ሲደርስ ግን ከሱልጣኑ የመጣው ምላሽ ለየት ያለ ነበር፦ በቡና ስም የሚደረግ ጥፋት ካለ ይከልከል፤ መጠጡ ራሱ ግን አልተከለከለም። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ሐራም ያሉ ነበሩ፣ ሐላል ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ጎልቶ የወጣው የተፈቀደ ነው የሚለው አቋም ሆነ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያንን ምላሽ ደግማችሁ አስቡት። ጥያቄው ስለ ሲኒው አልነበረም፤ በሲኒው ዙሪያ ስለሚሠራው ነገር ነበር። ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ሐዲስ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አንዱ ያንኑ ቡና ጠጥቶ ለጌታው ይቆማል። ሌላው ያንኑ ቡና ጠጥቶ የወንድሙን ሥጋ በሐሜት ይበላል። ፍሬው አንድ ነው፣ ውሃው አንድ ነው። የሚጻፈው ግን ይለያያል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ሌሊት እንነቃለን። እንዲያውም ከእነዚያ ሰዎች ሳንበልጥ አንቀርም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልካችን ፊታችንን ያበራዋል። አንድ ቪዲዮ አልቆ ሌላው ይከተላል። ከዚያ ልክ የሱብሂ አዛን ሊል ሲል እንተኛለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ ይዘው መቀመጥን ይጠሉ ነበር። እኛ ግን ወሬውን ኪሳችን ውስጥ ይዘነው አልጋ ላይ እንወጣለን። መንቃቱን ችለንበታል፤ የጎደለን የምንነቃለት ነገር ነው።

ይህን ስል ሌሊት የሚያጠናውን ተማሪ፣ ተረኛ ሆና ሕመምተኛ የምትጠብቀውን ነርስ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳውን ወንድም ማለቴ አይደለም። ኒያችሁን ካስተካከላችሁ ያ ድካማችሁ ራሱ አጅር አለው ኢንሻአላህ። የምለው ለምንም ሳይሆን ስለሚያልፈው ሌሊታችን ነው። አላህ በሱረቱ ዛሪያት ሙተቂዮችን ሲያወድስ ከሌሊቱ ጥቂቱን ብቻ ይተኙ እንደነበር፣ ጎህ ሊቀድ ሲልም ምሕረትን ይለምኑ እንደነበር ይነግረናል። በዚያ ሰዓት እኛም ነቅተናል። ግን ምን እየለመንን ነው?

እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ከአቦልና ከቶና ቀጥሎ ያለውን ሦስተኛውን ዙር በረካ ይሉታል። ምን ዓይነት ስም ነው! ነገር ግን በረካ ከጀበናው አይቀዳም፤ የአላህ ስጦታ ነው። ሐሜት በሞላበት ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠን ሦስተኛውን ሲኒ በረካ ብንለው ስሙ ብቻ ይቀርልናል።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት ከባድ ነገር አልጠይቃችሁም። ሲኒውን ስታነሱ ቢስሚላህ በሉ፤ ለምን እንደምትነቁም ልባችሁን ጠይቁት። አንድ ቀን ቡናችሁ ያለ ሐሜት ይለቅ፤ ወሬው የሰው ስም ላይ ሲደርስ ርዕሱን ቀይሩ። አንድ ሌሊት ደግሞ፣ አንድ ብቻ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ከሱብሂ በፊት ተነስታችሁ ሁለት ረከዓ ስገዱ። ለወላጆቻችሁ፣ ለሀገራችሁ፣ ለራሳችሁም ዱዓ አድርጉ።

ያ አላህ! ንቃታችንን ላንተ አድርግልን። የሰጠኸን ኒዕማ ነገ የሚመሰክርልን እንጂ የሚመሰክርብን አታድርገው። አሚን።

በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትና ሱረቱል ከህፍን መቅራት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!