ከሕሙማን ጋር እንራመድ



የካንሰር ሕሙማንን ለመርዳት በሚደረግ የእግር ጉዞ እንድንሳተፍ ጥሪ ሲቀርብልን፣ ከመካከላችን «መራመድ በሽታን ይፈውሳልን? ገንዘቡን ሰጥተን ከቤታችን ብንቀመጥ አይበቃምን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። በእርግጥ በእግር መጓዝ መድኃኒት አይሆንም። ሆኖም እግዚአብሔር የሚመለከተው የእጃችንን ስጦታ ብቻ አይደለም፤ እግራችን ወደ ማን እንደሚሄድም ይመለከታል።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ (2፥1-12) ስለ አንድ ሽባ ይነግረናል። ሰውየው በራሱ እግር ወደ ጌታ መምጣት ስላልቻለ አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ። የሕዝቡ ብዛት መግቢያ ባሳጣቸው ጊዜም ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት እንደ ሆነ ወንጌላዊው ይመሰክራል። እነዚህ አራት ሰዎች የመፈወስ ሥልጣን አልነበራቸውም። የነበራቸው ትከሻና እግር ነው፤ ያንኑም መራመድ ለተሳነው ወንድማቸው አዋሉት። ስለ ሕሙማን የምናደርገው ጉዞ መሠረቱ ይህ ነው።

በቅርቡ ዘመን የዚህን ፍቅር ምሳሌ ካሳዩት አንዱ ቴሪ ፎክስ የተባለው ካናዳዊ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቈረጠ። በሆስፒታል ሳለ ያየው የሌሎች ሕሙማን ሥቃይ ከልቡ አልወጣም። ስለዚህ ለካንሰር ምርምር የሚውል ገንዘብ ለማሰባሰብ በአፕሪል 1980 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ እግር የሀገሩን ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማቋረጥ ሩጫ ጀመረ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ በሽታው ወደ ሳንባው በመዛመቱ ለማቆም ተገደደ፤ በጁን 1981 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመቱ ዐረፈ። ካሰበው ዳርቻ አልደረሰም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በስሙ በተደረገው የመጀመሪያ ሩጫ 300,000 ያህል ሰዎች ተሳተፉ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ አገሮች፣ በእኛም አዲስ አበባ ጭምር፣ ተካሂዶአል። አንዱ የጀመረውን መንገድ ብዙዎች ተቀበሉት።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በእግር መሸኘትን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ጎረቤት ባረፈ ጊዜ ሥራችንን ትተን እንወጣለን፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ አስከሬኑን ተከትለን እስከ መካነ መቃብር እንሄዳለን። ይህ መልካም ነው፤ ሙታንን መቅበር ቤተ ክርስቲያን ከምትቈጥራቸው የምሕረት ሥራዎች አንዱ ነውና። ሕሙማንን መጠየቅም ከእነዚያው አንዱ ነው። ለቀብሩ በመቶ የምንቈጠር እኛ፣ በካንሰር የተያዘው ወንድማችን በሕይወት ሳለ ስንት ሆነን ደረስንለት? ብዙ ጊዜ የበሽታውን ስም እንኳ መጥራት እንፈራለን፤ «ያ ክፉ በሽታ» ብለን እናልፈዋለን። ሕመምተኛውም እንደ ተረገመ ወይም ስለ ኃጢአቱ እንደ ተቀጣ ተቈጥሮ ይደበቃል። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ሕመሙ በሰውየውም በወላጆቹም ኃጢአት ምክንያት እንዳልመጣ በግልጽ መልሶአል (ዮሐ. 9፥1-3)።

ይህ ዝምታ ሕይወት ያስከፍላል። በሀገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊታከሙ ይችላሉ። የማኅፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። ነገር ግን በኀፍረትና በፍርሃት የዘገየች እናት ከሐኪም ዘንድ የምትደርሰው ሕመሙ ከጠናባት በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ያስተምረናል፤ ስለዚህ ጸሎት ሕክምናን አያስቀርም፣ ሕክምናም ጸሎትን። እኛ በአደባባይ የበሽታውን ስም ጠርተን ስንራመድ ለዚህች እናት «አልተረገምሽም፤ ብቻሽንም አይደለሽም፤ ሳትዘገዪ ታከሚ» እንላታለን። በፖስታ ታሽጎ የሚላክ ገንዘብ ምንም ቢያስፈልግ ይህን ቃል ሊናገር አይችልም።

ይሁን እንጂ ጉዞው የሚፈተነው በማግስቱ ነው። ካናቴራውን አጥበን ፎቶግራፉን አስቀምጠን ከተቀመጥን፣ የተራመድነው ለራሳችን ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በሀገራችን ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ቢጀመር፣ ከሩቅ ገጠር ለሚመጣው ሕመምተኛ ማደሪያውና ስንቁ አሁንም ጭንቅ ነው። ደጉ ሳምራዊ ቍስሉን አስሮ ብቻ አላለፈም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ወጪውንም ቻለ (ሉቃ. 10፥30-37)። በየቁምስናችን አንዲት ክፍል ለእንዲህ ያለው እንግዳ ማዘጋጀት አይቻለንምን? ሕክምናው እስኪያልቅ ተራ ገብተን ምግብ ማድረስ፣ ወረፋ ሲጠብቅ አብረነው መቀመጥ፣ ቅዱስ ቍርባንና ምሥጢረ ቀንዲል እንዲቀበል ለካህኑ መንገር አይቻለንምን?

የዓለም የካንሰር ቀን ፌብሩዋሪ 4 ይውላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ያቋቋሙት የዓለም የሕሙማን ቀንም ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የሉርድ እመቤታችን በምትታሰብበት በፌብሩዋሪ 11 ይከበራል። በመካከላቸው ያሉት ቀናት ለሁለተኛው ጉዞ ይበቁናል። እርሱም ከደጃችን እስከ አንድ ሕመምተኛ ደጅ የሚደርስ ነው፤ ርቀቱ አጭር ቢሆንም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

የሽባውን ተሸካሚዎች እምነት የተመለከተ ጌታ እርምጃችንን ይባርክልን። የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ስለ ሕሙማኑና ስለ አስታማሚዎቻቸው ሁሉ ታማልድ። አሜን።