«አንድ ሁኑ» የሚባለው ለማን ነው?

«አንድነት» የሚለውን ቃል የሚጠላ ሙስሊም አላውቅም። በመድረሳ ሳለን ጀምሮ የሰማነው፣ በየኹጥባው የሚደገም ቃል ነው። ስለዚህም አንድ የፖለቲካ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ አካሂዶ ሲቆራቆስ፣ ወጣቶች ተነስተው «ያለፈው ይለፍ፣ አንድ እንሁን» ሲሉ ወዲያው «አሚን» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ቆቦ ላይ ከእንደነዚህ ዓይነት ወጣቶች ጋር እየተቀመጥሁ ስሰማቸው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ልመናው ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ተሸናፊው ቤት ነው። አሸናፊውን «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አጣሁ።

ነገሩን በስሙ እንጥራው። ሰኔ 25 እና 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢዜማ ጠቅላላ ጉባኤውን አካሂዶ ነበር። ለመሪነት የተፎካከሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ናቸው። ሁለቱም በቅንጅት ጊዜ ታስረው ቃሊቲ የከረሙ ሰዎች ናቸው። አቶ አንዱዓለም ከመስከረም 2004 እስከ 2010 ደግመው ታስረዋል፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትርነት ሹመት ተቀብለዋል። እንግዲህ ፉክክሩ የሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም። ተቃዋሚ ነኝ የሚል ፓርቲ ለመንግሥት ምን ያህል ይቅረብ የሚለው ጥያቄም አብሮ ቀርቧል። ፕሮፌሰሩ አሸነፉ። የሊቀመንበርነቱም ቦታ ከአቶ የሺዋስ አሰፋ ወደ ዶክተር ጫኔ ከበደ ተላለፈ። ዓመት ገደማ ሲሞላ፣ በ2015፣ አቶ የሺዋስን ጨምሮ በርካታ አመራሮችና አባላት ፓርቲውን ለቀው ወጡ። (በቅንፍ ልናገርና፣ ጉባኤው ከተበተነ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2014፣ ጦርነቱ ቆቦን ለሁለተኛ ጊዜ አገኛት። በዚያን ሰሞን የማን ፓርቲ መሪ ማን ሆነ የሚለው ወሬ ለእኛ አካባቢ ሰው ቅንጦት ነበር።)

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በግንቦት 1997 ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። መሪዎቹ በሐምሌ 1999 ከእስር ወጡ፤ ወራት ሳይቆዩም በኢንጂነር ኃይሉ ሻውልና በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ወገን ለሁለት ተከፈሉ። ደጋፊው ከአገር ውስጥም ከውጭም «ታረቁልን» እያለ ለመነ፤ የሰማው የለም።

የአንድነት ፓርቲ ታሪክ ደግሞ ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2005 ይህ ፓርቲ ደሴ ላይ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ እንዲሻር ሰልፍ ጠርቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 652/2001 ማንን ማንን እንዳስፈረደ የዚህ ገጽ አንባቢ ያውቃል፤ አቶ አንዱዓለምም የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላትም የተከሰሱት በዚያው ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያነሳ ፓርቲ ከአንድ ዓመት በኋላ በሊቀመንበርነት ጠብ ተያዘ። አቶ በላይ ፈቃዱ በአንድ ወገን፣ አቶ ትዕግስቱ አወሉ በሌላ ወገን ቆሙ። ጥር 21 ቀን 2007 ምርጫ ቦርድ ለአቶ ትዕግስቱ ወገን ወሰነ። በዚያው ዓመት በግንቦት በተደረገው ምርጫ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ፓርቲው ባይከፋፈል ኖሮ ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ሜዳው ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል። ሰልፍ የወጣው ወጣት ግን ድምፁን የሚሰጥበት የራሱ ቤት እንኳ አጣ።

ታዲያ የተሸነፈ ሰው ዕዳው ምንድነው? የኡሁድን ዘመቻ እናስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከልን መርጠው ነበር። በወጣትነት ግለት ላይ የነበሩ ብዙ ሰሃቦች «እንውጣ» አሉ፤ ነብዩም የራሳቸውን አስተያየት ትተው ወጡ። አብደላህ ኢብን ኡበይም እንደ ነብዩ «እንቆይ» ባይ ነበር። ምክሬ አልተሰማም ብሎ ግን ከአንድ ሺህ ያህሉ ሦስት መቶውን ይዞ ከመንገድ ተመለሰ። አስተያየቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መመለሱን ግን ትክክል አላደረገለትም። (ከፓርቲ የወጣን ሁሉ ከሙናፊቅ ጋር እያወዳደርሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከፓርቲ መውጣት መብት ነው።)

ወጣቶቻችን የሚሰብኩት ይህን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽስ? ሰባ ያህል ሰሃቦች ከተሰዉ በኋላ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የወረደው ትእዛዝ ለመሪው ነው። ይቅር እንዲላቸው፣ ምሕረት እንዲለምንላቸው፣ አሁንም እንዲያማክራቸው ታዘዘ። ምክራቸው ያን ሁሉ ጉዳት ካስከተለ በኋላ እንኳ ሹራው አልተዘጋባቸውም። ታዲያ ድምፅ ቆጥሮ ያሸነፈ የፓርቲ መሪ በምን ሒሳብ ነው ተፎካካሪውን ከምክር የሚያርቀው?

በራያ ቆላ ዝናብ ያጥራል። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ማስገባት የአባቶቻችን ሥራ ነው። ኃይለኛ ጎርፍ የሠሩትን ጠራርጎ ይሄዳል፤ እንደገና መጥለፍ ያስፈልጋል። የግርጌው ገበሬ ዛሬ ውሃው ሳይደርሰው አካፋውን ይዞ የሚወጣው ለምንድነው? የራስጌውን ሰው ስለሚወድ ነውን? ይወደው ይሆናል፣ ላይወደውም ይችላል። የሚወጣው ተራው እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነው። ተራውን ከነጠቁት ግን «አንድ ነን» ብሎ የሚጠራው ሰው ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮህ አካፋው ከቤት አይወጣም።

ዘወልድም አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ሽማግሌ ልኮ ደጅ የሚጠናው የገዳይ ወገን እንጂ የሟች ቤተሰብ አይደለም። ምርጫ ማሸነፍ ወንጀል ስላልሆነ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። እኔ የምወስደው ማን ወደ ማን ይሄዳል የሚለውን ብቻ ነው።

«አሸናፊው ቦታ ከሰጠ እኮ ምርጫው ለምን ተደረገ?» ብሎ አንድ ወጣት ተከራክሮኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መሪነቱን ይካፈል ማለቴ ግን አይደለም፤ ድምፅ የተሰጠው ለእሱ ነው። ተሸናፊውም ቆጠራውን መቀበል አለበት፤ አስተያየቱን ይዋጥ የሚል ሕግ ግን ከየት መጣ? አሸናፊው ፓርቲውን በሙሉ አላሸነፈም፤ ከጉባኤው መካከል ሌላውን የመረጠ ሰው አሁንም እዚያው ተቀምጧል።

ስለዚህ አንድነት የሚሰብኩ ወጣቶች መጀመሪያ የአሸናፊውን በር ያንኳኩ። ከሌላው ወገን ማን ማን በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ አለ? የተሸናፊው ሐሳብ በየትኛው ስብሰባ ይደመጣል? የሚቀጥለው የውስጥ ምርጫ ቀኑ ተቆርጧል ወይስ «ወደፊት» ተብሏል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወደ ሁለተኛው ቤት ሲሄዱ ወረቀቱን ያሳዩታል።