ጥበብን ከሩቅ ስለ ማስተማርና ስለ ዋጋው

ለሰው ከተሰጠው ስጦታ ሁሉ የእጅ ጥበብ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ በልብ የታሰበውን ነገር ለዓይን እንዲታይ ያደርጋልና። ነገር ግን ጥበብን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በኦሪት ዘጸአት ስለ ባስልኤል የተጻፈውን ያነበበ ሰው ይህን ያስተውላል። እግዚአብሔር ለባስልኤል ወርቁንና ብሩን፥ ናሱንና ዕንጨቱን የሚሠራበትን ብልኃት ከሰጠው በኋላ፥ እርሱና ባልንጀራው ኤልያብ ሌሎችን ያስተምሩ ዘንድ ሁለተኛ ጸጋ በልባቸው እንዳሳደረ መጽሐፉ ይነግረናል። እንግዲህ ማስተማር ራሱን የቻለ ስጦታ ነው፤ ራሱን የቻለ ሸክምም አለበት።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሠዓሊ ለምክር ወደ እኔ መምጣቱ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ በገጠር ከአንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ተቀምጦ ብራና መፋቅን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ በመጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ መሣልን ተማረ። ከዚያም ወደ ከተማ መጥቶ የንድፍ ትምህርት ጨመረ፤ ሚስት አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለደ። ሥዕል የሚያሠራ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቢገኝም ብዙ ጊዜ ስለሚታጣ ቤቱ ይቸገር ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔት አማካይነት ሥዕልና ንድፍ ማስተማር ጀመረ። ደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ በዋሽንግተን፥ በለንደንና በዱባይ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጆች ናቸው፤ በየወሩም ዋጋ ይከፍሉታል።

በጥምቀት በዓል ወደ አገሩ ሄዶ መምህሩን ሲጠይቅ ስለዚህ ሥራ አጫወታቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ እኔ በነጻ የሰጠሁህን አንተ ሸጥኸው፤ ደግሞም እጁን ያልያዝኸውን ልጅ አስተማርሁ ትላለህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ወጣቱም ይህን እንባ እየተናነቀው ከነገረኝ በኋላ «አባቴ፥ ልተወው ወይስ ልቀጥል? ብተወው የልጆቼን እንጀራ ከምን አመጣለሁ? ብቀጥልም የመምህሬን ልብ እንዳቈሰልሁ መኖሬ ነው» አለኝ። በዚያ ቀን የሚበቃ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፥ ከዚያ ወዲህ ያሰብሁትን ለአንባብያን ማቅረብ መልካም መሰለኝ።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው እንመልከት። አረጋዊው መምህር በነጻ ሰጠሁ ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን በነጻ የተሰጠ ትምህርት ሁሉ አንድ የከፈለለት ሰው አለው። በቀድሞው ዘመን የቤተ ክርስቲያን መምህር ከገበሬው ሳይለምን ይኖር የነበረው ቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ነበራት ነው፤ ይህም የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው ዐዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ቈይቷል። ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፥ የመንደሩ እናት ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ትሰጠው ነበር። ስለዚህ ያ ትምህርት ዋጋ አልነበረውም አንልም፤ ዋጋውን አገር በሙሉ ተካፍሎ ይከፍለው ነበር እንላለን። በከተማ የቤት ኪራይ እየከፈለ ለሚኖር ወጣት ሠዓሊ ግን መሬትም መንደርም አልቈረጠለትም። ዋጋ አትቀበል ብንለው ማን ይመግበው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በመጽሐፍም ሁለቱን ነገር እናገኛለን። ሲሞን የተባለው ጠንቋይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ገሥጾታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የሚያስተምር ሰው ከትምህርቱ ሊኖር እንደሚገባው አስረድቶ፥ ራሱ ግን ለማንም ሸክም እንዳይሆን በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። ከዚህ የምንረዳው ጸጋው እንደማይሸጥ፥ ድካሙ ግን ዋጋ እንደሚገባው ነው። ወጣቱ የተቀበለው ዋጋ መብራት አብርቶ ስለ ተቀመጠበት ሰዓት፥ የእያንዳንዱን ልጅ ሥዕል መርምሮ ስላረመበት ድካም ነው። ይህን መቀበሉ ኀጢአት አይደለም።

በዚህ ረገድ ቦብ ሮስ የተባለውን አሜሪካዊ ሠዓሊ ማስታወስ ይጠቅማል። ይህ ሰው ብዙ ዓመት ወታደር ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከ1983 እስከ 1994 በፈረንጆች አቈጣጠር በቴሌቪዥን 403 ጊዜ እየቀረበ ሥዕል አስተምሯል። ትምህርቱን ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያለ ክፍያ ያይ ነበር፤ ሠዓሊው የሚተዳደረው ቀለምና ብሩሽ፥ መጽሐፍም በመሸጥና ፊት ለፊት በሚሰጥ ትምህርት ነበር። በ1995 ከሞተ በኋላም ትምህርቱ በዩቲዩብ እየታየ ነው። እንግዲህ ለሁሉ የሚሰጠውን ለሁሉ ሰጥቶ፥ ለየብቻ በሚደክሙበት ዋጋ መቀበል የሚቻል መንገድ ነው።

ነገር ግን ዋጋ መቀበል የሚገባ ቢሆንም የማይሸጡ ነገሮች አሉ። ከእነዚህም አንዱ የሐሰት ተስፋ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት «በሠላሳ ቀን ሠዓሊ ትሆናለህ፤ በሥዕልህም ባለጠጋ ትሆናለህ» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። በፈረንጆች 1400 ዓመት ገደማ ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለ የኢጣልያ ሠዓሊ ስለ ሙያው በጻፈው መጽሐፍ፥ ተማሪ አንድ ዓመት በትንሽ ሰሌዳ ላይ መሣልን፥ ስድስት ዓመት ከጌታው ጋራ ቀለም መፍጨትንና ሰሌዳ ማዘጋጀትን፥ ሌላ ስድስት ዓመት ደግሞ ማቅለምንና በግድግዳ ላይ መሥራትን እንዲለማመድ ይመክራል፤ ድምሩ 13 ዓመት ነው። ዛሬ በዚህ ልክ ይቈጠር አንልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን አባባል ግን ቴክኒክ አልሻረውም። የጊዜን ርዝመት ከተማሪው የሚሰውር መምህር የተማሪውን ገንዘብ ከመውሰድ አልፎ ዕድሜውን ይወስዳል። እንዲሁም ተማሪው ለዘላለም ከእርሱ ሥር እንዳይወጣ ብሎ የሙያውን ምስጢር ከፍሎ የሚደብቅ መምህር፥ በመብል ውስጥ አሸዋ እንደሚጨምር ባለ ወፍጮ ነው።

ሁለተኛው የአረጋዊው ወቀሳ ከፊተኛው ይከብዳል፤ እጁን ሳይዙት የሰውን እጅ ማስተማር ይቻላልን?

ከሩቅ ማስተማር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሐዋርያት ያላዩአቸውን ምእመናን በመልእክት አስተምረዋል። በሥዕልም ረገድ ጆን ራስኪን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1857 ለጀማሪዎች የሚሆን የሥዕል ትምህርት በሦስት ደብዳቤዎች አድርጎ አሳትሟል። ይህ ሰው ከ1854 ጀምሮ በለንደን በሠራተኞች ኮሌጅ ለእጅ ሠራተኞች ፊት ለፊት ያስተምር ስለ ነበር ሁለቱንም መንገድ ያውቃል። በአገራችንም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ሙያ የሠዓሊ ልጅ ላልሆነውም ተከፈተ። የጥበብ ደጅ ሲሰፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም፥ ደጁ ሁሉ ሲዘጋ በስልክ መስተዋት የተላለፈው ትምህርት ለብዙ ልጆች ብቸኛው ትምህርት ሆኖ ነበር።

በዚህም መንገድ የሚገኝ ጥቅም አለ። መምህሩ ከእጁ በላይ መቅረጫ አቁሞ ሐረግ ሲሥል፥ ተማሪው ያችን አንዲት መስመር መቶ ጊዜ መልሶ ሊያያት ይችላል፤ መምህሩም አይደክምም፥ አይቈጣም። በዱባይ ያለች ልጅ የሠራችውን ፎቶግራፍ አንሥታ ስትልክ፥ መምህሩ በዚያው ላይ የታረመውን መስመር ሥሎ ይመልስላታል። ይህች ልጅ ይህ መንገድ ባይኖር ሐረግ የሚባለውን ነገር ስሙንም ባልሰማች ነበር።

የሚቀረውን ደግሞ በሐቅ እንናገር። መስተዋቱ ከራሱ የሚያበራ ስለሆነ ቀለሙን በትክክል አያሳይም፤ በአንዱ ስልክ ደም የመሰለው ቀይ በሌላው ጡብ ይመስላል። ብራናው በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ይሁን ሸካራ፥ ቀለሙ ይወፍር ይቅጠን በመስተዋት አይታወቅም። ተማሪው ብሩሹን ምን ያህል እንደ ጨበጠ፥ ትከሻው እንደ ደረቀ፥ ልቡ እንደ ተሰበረ መምህሩ አያይም። ከሁሉም በላይ የመምህሩ ኑሮ አይላክም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ የሚማረው የመምህሩን ጸሎትና ጾም፥ ሥራ ሲበላሽበት የሚታገሥበትን ትዕግሥት ጭምር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ስንኳ በቀለም የጻፈውን ሳይበቃው ፊት ለፊት ሊነጋገር እንደሚወድ በመልእክቱ ገልጿል።

ታዲያ ምን እንበል? በዘመኑ የነበሩ ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህራን የተማሪውን ፊት ሳያዩ ስሕተቱን በድምፁ ብቻ ያርሙ ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ ተማሪውን የማያስተውል መምህር ግን ብዙ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እጅን መያዝ ማለት ዋናው ነገር ማስተዋል ነው። በሩቅ ሆኖ የአንዲቱን ልጅ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ እጇን ይዟል። ለብዙ ሺህ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ማንንም የማይመረምር ግን ዕቃ ሻጭ እንጂ መምህር አይባልም። ስለዚህ ከሩቅ የሚያስተምር ሰው ሁለት ግዴታ አለበት፤ ሊያስተውላቸው ከሚችለው በላይ ደቀ መዛሙርት እንዳይቀበል፥ ሊልከው የማይችለውንም ነገር ላክሁ እንዳይል ነው።

ወጣቱ ያልጠየቀኝ ሦስተኛ ጥያቄ ግን ከሁለቱ በስተኋላ ተሰውሮ ነበር። በንግግራችን መካከል ስልኩን እየደጋገመ ያይ ነበርና ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት። ትናንት ያሳየውን ሥዕል ስንት ሰው እንደ ወደደለት እንደሚቈጥር አፍሮ ነገረኝ። ቍጥሩ ባነሰ ቀን መሥራት እንደሚያስጠላው፥ ሰው የወደደውንም ዓይነት ደጋግሞ እንደሚሠራ ነገረኝ። በዚህ ጊዜ ከአረጋዊው ወቀሳ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ዋጋ ተቀብሎ ያልሸጠውን ጥበብ በዚህ በኩል ሊሸጠው ይችላልና።

ስም መፈለግ ራሱ ኀጢአት ነው አልልም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙን ጽፏል፤ ስሙን ስለ ጻፈም ዛሬ እናከብረዋለን። ሌሎቹ ብዙዎች ሠዓልያኖቻችን ግን ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል፤ ሥራቸውም በመጋረጃ ተሸፍኖ በበዓል ቀን ብቻ ይገለጣል። ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምሩናል። ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የሚያዩት ሰዎች ቍጥር ብሩሹን አልመራለትም። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ «መጋረጃው ባይገለጥ ይህን እሠራው ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርሁት። እርሱም ከደቀ መዛሙርቱ ቍጥር ቀነሰ፤ ገቢውም እንደዚያው ቀነሰ። በየሳምንቱም አንድ ቀን መክፈል ለማይችሉ ልጆች በነጻ ማስተማር ጀመረ። ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ግን «አባቴ፥ ገና እታገላለሁ» አለኝ፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠበቅሁም።

በፋሲካ ደግሞ ወደ መምህሩ ሄደ። ስለ ዋጋው አንዳች ሳይከራከር፥ በዱባይ ያለችው ልጅ የሠራችውን ሐረግ በስልኩ አሳያቸው። አረጋዊው ስልኩን ወደ ብርሃን አስጠግተው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ይህ መታጠፊያ የእኔ ነው፤ እኔም ከመምህሬ ያገኘሁት ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው «ነገር ግን ይህች ልጅ ብሩሹን አጥብቃ ትይዛለች፤ መስመሩ ደርቋል። እጇን ታላላ ብለህ ንገራት» አሉት።

ወጣቱም «የኔታ፥ እነግራታለሁ» ብሎ በዚያው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ጻፈላት።