የግል ሙዳይና የጋራ ሣጥን

በድሬ ዳዋ፣ ደቻቱ በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ መንገደኛም ሳይጠራጠር ይሻገረዋል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ጎርፉ ቆጣቢውን ከአባካኙ አልለየም። ሕመምም እንዲሁ ነው፤ መምጣቱ አይቀርም፣ በማን ደጅ እንደሚቆም ግን አይታወቅም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው ለሕመሙ ቀን በግል ሙዳዩ ያጠራቅም ወይስ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ሣጥን ያዋጣ?

የግል ቁጠባ ደጋፊዎች ክርክር የሚናቅ አይደለም። ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው ሳይቸግረው ሐኪም ቤት አይመላለስም፣ የተረፈውም ለልጆቹ ይሆናል ይላሉ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1984 ሠራተኛው ከደመወዙ ለሕክምናው እንዲቆጥብ ያስገደደችው በዚህ እምነት ነበር። ሆኖም ከባድ ሕመም የአንዱን ሙዳይ ባንድ ጊዜ ያራቁታልና፣ በ1990 የጋራ መድን ጨመረችበት፤ በ2015ም መድኑን ለዜጎቿና ለቋሚ ነዋሪዎቿ ሁሉ ግዴታ አደረገችው።

በመሠረቱ ሙዳይ የሚለካው የባለቤቱን ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ገቢውንም ነው። በቀፊራ ገበያ ቲማቲም ደርድራ የምትውል እናት የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ፣ ከዕለት ጉርሷ ተርፎ ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ ጥሪት ከየት ታመጣለች?

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተመሠረተው በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ሕመምተኛው ብቻ ቢመዘገብ ሣጥኑ ወዲያው ባዶ ይቀራልና። መክፈል የማይችሉት ድሆች መዋጮ ደግሞ በመንግሥት ይሸፈናል።

ጤነኛው አባል፣ «ከፍዬ ሳልታመም ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቤ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን ዕድሩና አፎቻው አስቀድመው ሰጥተውታል። ሞት ያልጎበኘው ቤት መዋጮዬ ይመለስልኝ አይልም። ገንዘቡ የጎረቤቱን ሬሳ በክብር ቀብሯል፤ ለእርሱም ብቻውን እንደማይቀር ዋስትና ገዝቶለታል። ለሙት የታወቀው ይህ ሥርዓት ለሕያው ሲሆን የሚያጠያይቅበት ምክንያት አይታይም።

ይሁን እንጂ ግዴታው በከፋዩ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ሣጥኑን የያዘውም ባለዕዳ ነው። መዋጮውን አሟልቶ የመጣ አባል «መድኃኒት የለም» ከተባለ የሚጎድለው ክኒኑ ብቻ አይደለም። ጤነኛው ለሕመምተኛው እንዲያዋጣ ያደረገው እምነትም አብሮ ይጎድላል። እምነት የጎደለው ሣጥን ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ ወደየሙዳዩ ይመለሳል።