ለሽምግልና ዘመን ከደመወዝ ስለሚለይ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አረጋውያን ወላጆቻችን ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። ጡረታ የሚለውም ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ግስ ነው፤ ጦረ ማለት ደካማውን ደገፈ፥ አበላ፥ አለበሰ፥ እስከ ዕለተ ሞቱ ተንከባከበ ማለት ነው። እንግዲህ በምርቃቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ በሕይወት ሳለን የሚመግበን፥ ሁለተኛው ከሞትን በኋላ አፈር የሚያለብሰን ነው። በዘመናችን የቀባሪውን ቦታ ዕድር ይዞታል። ነገር ግን ዕድር ይቀብራል እንጂ አይጦርም። ስለዚህ ዛሬ ልጽፍ የወደድሁት ስለ ጧሪው ነው፤ ይኸውም ደመወዝ የሚቀበል ክርስቲያን ለሽምግልናው ስንት እጅ ሊለይ ይገባዋል ስለሚለው ጥያቄ ነው።

«ይህ የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው፤ ለካህን ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር፥ እኔም እንደዚያ አስቤ መበደሌን አስቀድሜ ልናገር። ገና ጐልማሳ ካህን ሳለሁ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ቆመው «አባ፥ ለእርጅናዬ ከደመወዜ ስንት ላስቀምጥ?» ብለው ጠየቁኝ። (በኑዛዜ የሰማሁት አይደለም፤ እርሳቸውም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።) እኔም ጌታችን ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች ያስተማረውን ጠቅሼ ስለ ነገ መጨነቅ የአሕዛብ ሥራ መሆኑን በሰፊው አስረዳኋቸው። የተጠየቅሁት ስንት ተብሎ ነበር፤ የመለስሁት ግን ስለ ጭንቀት ነበር። መምህሩ እጅ ነሥተው ሄዱ። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2015 ዓ.ም. ከሰንበት ቅዳሴ ቀሩ፤ ከቤታቸው ሄጄ ብጠይቅ የዕድር መዋጮ ውዝፍ ስላለባቸው ሰው ፊት መቆም አፍረው ኖሯል። በወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። «አባ፥ የነገሩኝን አድርጌ ነበር» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን እንደገና መመርመር ጀመርሁ። ስመረምርም ከመጻሕፍቱ በፊት ትዝ ያለኝ የተማሪነት ዘመኔ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያደጋችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፥ ተማሪ አኰፋዳውን ይዞ ከደጅ ደጅ እየዞረ በለመነው ቍራሽ ይኖራል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና ወደ ማዶው መንደር መሻገር አይቻልም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ እንጀራው በሚበዛበት ጊዜ ከኵርማኑ እየቀነስን በፀሐይ እናሰጣለን፤ ድርቆሽ እናደርጋለን። የኔታ የሚሰጡን ትእዛዝ «ከመብላትህ በፊት ለይ» የሚል ነበር። ከበላ በኋላ የተረፈውን አሰጣለሁ ያለ ተማሪ ነሐሴን ያለ ድርቆሽ ይገናኘው ነበር፤ የተራበ ሆድ ትርፍ የለውምና። በሌላ ወገን ደግሞ አንድ ባልንጀራችን ምንም ሳይበላ ሁሉን ያሰጣ ነበር፤ ሰውነቱ መንምኖ ቅኔውን መቀኘት አቃተው፥ ያከማቸውንም በክረምቱ ሻጋታ በላው። በልመና እንጀራ እንኳ ልክ አስፈላጊ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

በመጻሕፍትም ሁለት ጐተራ ሠሪዎች እናገኛለን። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እንዲለዩ መከረ፤ ይህም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም ጐተራ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ እርሱ ግን ሰነፍ ተባለ። ሁለቱም አከማቹ፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድር ነው? ዮሴፍ ስንት እንደሚለይ፥ ለስንት ዓመት እንደሚለይ፥ የሚበላውም ማን እንደ ሆነ ዐወቀ፤ ጊዜው ሲደርስም ጐተራውን ከፈተ። የባለጠጋው ጐተራ ግን ቍጥር አልነበረውም፤ ከነፍሱ በቀር የሚካፈለውን ሰው አላሰበም። እንግዲህ ስንት ብሎ መወሰን የእምነት ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ልክ ያልተቈረጠለት ቍጠባ ነው ወደ ንፍገት የሚወስደው። ይህን ለመምህሩ አለመንገሬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን የራሳቸውን አዋጅ ቍጥር 715 ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም በአዋጅ ቍጥር 1267 እና 1268 ተሻሽለዋል። ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 7፥ ከአሠሪው ከመቶ 11 ይገባል፤ መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ሲቪል ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ታስቦ ከመቶ 30 ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ ለአገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርለታል፤ ከመቶ 70 ግን አያልፍም። 70 የሚደርሰውም 42 ዓመት ያገለገለ ነው፤ ይኸውም በ18 ዓመቱ ሥራ ይዞ ሳያቋርጥ እስከ 60 የቈየ ማለት ነው።

ለምሳሌ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው 30 ዓመት አገልግሎ ቢወጣ ከመቶ 55፥ ማለት 6,600 ብር ያገኛል። ልጆቹን አሳድጎ ወጪው ቢቀንስለትና በ9,000 ብር ቢኖር እንኳ በወር 2,400 ይጐድለዋል። ይህን ጕድለት ለ15 ዓመት ለመሙላት 432,000 ብር ያስፈልጋል። በ30 ዓመቱ የጀመረ ሰው በየወሩ 1,200 ብር፥ ማለት ዐሥረኛውን እጅ፥ ቢለይ ይበቃዋል። በ40 ዓመቱ የጀመረ ከመቶ 15 ሊለይ ነው። በ50 ዓመቱ የነቃ ግን ከመቶ 30 ካልለየ አይደርስበትም። እኔ በአምሳዎቹ ውስጥ ያለሁ ሰው ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

ይህ ሒሳብ ብሩ ዋጋውን ጠብቆ እንደሚኖር አድርጎ የተሰላ ነው። ነገር ግን መና ለነገ ሲያሳድሩት ትል እንዳፈላ፥ ብርም ሲቀመጥ የሚያፈላው ትል አለ። የባንክ ዝቅተኛው የቍጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 7 በነበረበት ጊዜ፥ በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ደርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፤ የብሩም ዋጋ ወረደ። ስለዚህ ደመወዝ በተጨመረ ቍጥር የሚለየው ገንዘብ አብሮ ይጨመር፤ ከፍ ያለ ድርሻው ደግሞ ቤትን ለመጨረስ፥ ወይም እጅ ሲደክም ሊሠራ የሚችል መጠነኛ ሥራ ለማቋቋም ይዋል። ዕቁብ ዕቃ ለመግዛት መልካም ነው፤ ነገር ግን ዙሩ ቶሎ ስለሚያልቅ የሽምግልና ጐተራ ሊሆን አይችልም። (ስለ ወለድ የሚጠይቁኝ አሉ። ከችግረኛ የሚወሰድ አራጣ ኀጢአት መሆኑ የተገለጸ ነው፤ የባንክ ቍጠባን ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ላጨናንቀው አልፈልግም።)

ደመወዙ ለልጆቹ ቍርስ የማይበቃውን ሰው ዐሥረኛውን እጅ ካልለየህ ብዬ ልከስሰው አልደፍርም፤ ሐዋርያው ቤተ ሰቡን የማይመግበውን ምን ብሎ እንደ ገሠጸው በመጀመሪያይቱ መልእክት ወደ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ይታያል። አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን ረድኤት ቍርባን ነው ብለው የሚከለክሉትን ነቅፏቸዋል። ስመ እግዚአብሔርን ጠርቶ ወላጅን መከልከል ይህን ያህል ካስነቀፈ፥ እናቱ በገጠር እየተራበች ለራሱ ሽምግልና የሚያከማች ሰው ምን ሊባል ነው? የእርሱ ጡረታ ገና ሩቅ ነው፤ የእርሷ ግን ደርሷል።

ባለፈው ወር የዚያ መምህር ልጅ ሥራ ይዞ የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ እኔ መጣ፤ አባቱ በቆሙበት ዐጸድ ቆሞም አባቱ የጠየቁኝን ጠየቀኝ። ወረቀት አውጥተን አብረን ጻፍን። ዐሥራቱ ተለየ። ለአባቱ የሚሰጠው ሌላ ዐሥረኛ እጅ ተለየ፤ የዕድሩም ውዝፍ ከዚሁ ይከፈላል። የቤት ኪራይ፥ ቀለብና መጓጓዣ ተጽፎ ሲያልቅ ለራሱ ከመቶ 5 ብቻ ቀረው። «አባ፥ አያንስም ወይ?» አለኝ። አዎን፥ ያንሳል አልሁት፤ ነገር ግን ደመወዙ በገባ ቀን፥ ከኪራዩም ከቀለቡም በፊት እንዲለየው ነገርሁት። ወረቀቱን አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተና ወደ አባቱ ቤት ሄደ።