ቅጂላት፣ ገና አልበቃትም

ልጆቼ፣ አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ውስጥ 11 ዓመት አንዲት አሮጊት ሳስታምም ኖሬአለሁ። ማማ ነበር የምላቸው። ከአስር ሶላት በኋላ ጎረቤታቸው በወሎዬዋ ሠራተኛቸው ተደግፈው ይመጣሉ፤ እኔም ቴምርና ጋህዋ፣ የዐረቦቹን ቡና፣ አቀርባለሁ።

በዐረብ ወግ የበቃው ሰው ፊንጃኑን ወዝወዝ ያደርጋል፤ እስከዚያ መቅዳት ነው። የማማ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እንደገባሁ ሰሞን ፊንጃኑ ሲርገበገብ አይቼ በቃኝ ያሉ መሰለኝና ጀበናውን መለስኩ። ጎረቤታቸው ክንዴን ያዙኝ። «ቅጂላት፤ እጇ ነው እንጂ እሷ ገና አልበቃትም» አሉኝ። ማማ ቃል ሳይተነፍሱ ፊንጃኑን ዘረጉ።

ልጆች አሏቸው፣ ሐኪም አላቸው። አገራቸውም 60 ዓመት ለሞላው ዜጋ መብቱን የሚጠብቅ ሕግ በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ያቺን የፊንጃን ነገር ግን ጓደኛቸው ካልነገሩኝ ማን ይነግረኝ ነበር?

እኛ ሠራተኞቹ ግን ስናረጅ እዚያ አንቆይም። የአብዛኞቻችን መኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የታሰረ ነውና ጉልበት ሲያልቅ መውረጃችን ቦሌ ነው። ብር ስትልክ ኖራ ስትመለስ የሚያውቃት ያጣች ስንት አይቻለሁ! ቤት ሠርታለች፤ ቡና ጠጪ ግን የላትም።

አዲስ አበባ፣ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ሄጄ ለአንዲት እናት ዳቦ ብቆርስላቸው ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ለማን ነው?» አልኳቸው። «ክሊኒክ የሄደች አለች፤ ስትመጣ ዓይን ዓይኔን ታያለች» አሉኝ። ሁለቱም ከጎዳና የተነሡ ናቸው፤ የተዋወቁት እዚያው፣ አልጋ ለአልጋ ነው።

እናንተ አቡ ዳቢ ያላችሁ ግን ወዳጅነቱን ዛሬውኑ ጀምሩ። በፈቃዳችሁ ቀን ኡም አል ኢማራት ፓርክ ሣሩ ላይ ክብ ሠርታችሁ ተቀምጣችሁ ሁላችሁም ስልክ ላይ ስታቀረቅሩ እያየሁ አዝን ነበር። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። የጓደኛችሁን እናት ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ጓደኛችሁ የምትውጠውን መድኃኒት ስሙን እወቁ። ስትታመም አጥሚት ይዛችሁ ሂዱ። ከተኳረፋችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ያጠፋችው እሷ ብትሆንም ቀድማችሁ ደውሉ። ለእረፍት ስትገቡ ሽቶና ልብስ አድላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ የሰፈሩን እድር ጠይቁና በራሳችሁ ስም ተመዝገቡ፤ ሐዘን ቤትም ተቀመጡ።

ያቺ ወሎዬ አሁን ጎረቤቴ አይደለችም፤ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። እመቤቶቻችን ሳሎን ጋህዋ ሲጠጡ እኛ ኩሽና ውስጥ ነበር የተዛመድነው። ስኳር አለባት። ሌሊት ስኳሯ ሲወርድ ደጋግማ የምትለው አንድ ቃል አለ፤ ሌላ ሰው ቢሰማው በሕልሟ የምታወራ ይመስለዋል። እኔ ማሩን ይዤ እነሣለሁ።