ትንሿ ዓሣ የማን ናት?

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። አጠገቧ የተኛው ውኃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ደሴቱ ከየብስ ተያይዞ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ዳሩ በዓይን የሚታይ ውኃ ነው፤ ዓሣውም እንደዚያው ልክ አለው።

እስቲ በዚህ ዳርቻ በመረብና በታንኳ የሚያድረውን አስጋሪ እናስብ። መረቡን ሲስብ ገና ዕንቁላል ያልጣለች ቆሮሶ ተይዛለች። ይልቀቃት ወይስ ይውሰዳት? የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ነው፤ አዋጁ ግን ታንኳው ላይ አብሮት አልተሳፈረም። «እኔ ብለቃት የኋላዬ ይወስዳታል» ቢልስ? የሞኝ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ሀብት መጨረሻው ጥፋት ነው ያለው ይህንኑ ስሌት ይዞ ነው።

ኤሊኖር ኦስትሮም ግን «ሁልጊዜ አይደለም» አለች። ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ እርስ በርስ ተጠባብቀው ሀብታቸውን ያቆዩ መንደሮችን አጥንታ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። ለእኛስ ምኑ እንግዳ ነው? የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ጠባቂ መርጦ፣ እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት አቆይቶት የለ?

ደግሞም ቆሮሶዋ የሐይቁ ተወላጅ አይደለችም። በ1970 ዓ.ም ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሯት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? እነርሱም እኛን አያውቁንም ነበር። ለማያውቁት ሰው ማዕድ አዘጋጅተው ሄዱ። እንግዲህ ትንሿ ዓሣ የያዛት ሰው ብቻ ልትሆን አትችልም፤ ገና ያልተወለደም ድርሻ አለው።

ይህን ሁሉ ዕዳ ግን በአስጋሪው ጫንቃ ላይ ጭኖ መሄድ ግፍ ነው። እርሱ ቤት የሚጠብቀው ልጅ አለው። ትንሿ ዓሣ የምትያዘው የሚገዛት ስላለ ነው። የጾም ወራት መጥቶ ፈላጊው ሲበዛ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሳህን ፊት የተቀመጥን እኛ «ስንት ነው?» እንላለን እንጂ «ለምን አነሰች?» አንልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጥፋትም እንደ ሎሚው ነው፤ ለሃምሳ ሲከፋፈል ማንንም አይከብድም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ችግር የያዘውን ሰው «ታገስ» ከማለት በፊት ያልቸገረው ይታገሥ። አስጋሪውን ምናልባት የዕለት ጉርስ ያስገድደው ይሆናል። እኛን ግን «ይቺስ ገና ናት፤ ትደግ» ብለን እንዳንተው የሚያስገድደን ምንድን ነው?